የአብርሃም ልጅነት በስም ይወረሳልን?

በአሜሪካ አገር ወግ አጥባቂ ከሚባሉት ጸሐፊዎችና ተናጋሪዎች አንዳንዶቹ፥ የጥቁሮች መብት ነገር በተነሣ ቁጥር እንዲህ እያሉ ይከራከራሉ፤ ባሪያን ነፃ ያወጣ የእኛ የሪፐብሊካን ፓርቲ ነው፤ ባርነትን የደገፈ፥ በኋላም ጥቁሩን ከነጩ የለየ የዴሞክራት ፓርቲ ነው፤ እንግዲህ ጥቁር ሕዝብ ውለታ ያለበት ለእኛ ነው ይላሉ። ይህን ነገር ሐሰት ነው ብሎ መጣል አይገባም፤ መመርመር ግን ይገባል።

ከነገራቸው የሚበዛው እውነት ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. የተመሠረተው ባርነት ወደ አዲሶቹ አገሮች እንዳይስፋፋ ለመከልከል ነው። አብርሃም ሊንከን በ1863 የነፃነትን አዋጅ አወጀ፤ በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ተሻረ፤ በ1870ም በቀለሙ ምክንያት ማንም ድምፅ ከመስጠት እንዳይከለከል ተደነገገ። የደቡብ ዴሞክራቶች ግን በግብርና በንባብ ፈተና እያመካኙ ጥቁሩን ከምርጫ አገዱት፤ በትምህርት ቤትና በባቡርም ለዩት።

ነገር ግን ታሪክ በዚያ አልቆመም። በ1877 ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሄይስ የመንግሥቱን ወታደሮች በደቡብ ከነበራቸው ጥበቃ ባነሣ ጊዜ፥ ነፃ የወጡት ሰዎች ያለ ጠባቂ ቀሩ። በ1948 ደግሞ ዴሞክራቱ ትሩማን፥ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሰው በቀለሙ ሳይለይ እኩል እንዲታይ አዘዘ።

በ1964 የዜጎች መብት ሕግ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ73 ድምፅ ጸደቀ፤ 27 ተቃወሙት። ከዴሞክራቶች 46 ደገፉ፥ 21 ተቃወሙ፤ ከሪፐብሊካኖች 27 ደገፉ፥ 6 ተቃወሙ። ወግ አጥባቂዎቹ ይህን ቁጥር እንደ ጋሻ ያነሡታል። ቁጥሩን በየአገሩ ከፍለን ብናየው ግን ሌላ ነገር ይገለጣል፤ በባርነት ምክንያት ከኅብረቱ ተገንጥለው ከነበሩት ከ11ዱ የደቡብ ግዛቶች ከመጡት 22 አባሎች ሕጉን የደገፈ አንድ ዴሞክራት ብቻ ነው፤ በመካከላቸው የነበረው አንዱ ሪፐብሊካንም ተቃወመ። ስለዚህ ሰዎቹን ይበልጥ የለያቸው አገርና ልማድ ነው እንጂ የፓርቲ ስም አይደለም።

ሕጉን የተቃወመው ባሪ ጎልድዋተር በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የሪፐብሊካኖች ዕጩ ሆነ፤ ከገዛ ግዛቱ ከአሪዞና በቀር ያሸነፈው በአምስት የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነው። ከተቃወሙት ከ21ዱ ዴሞክራቶች ወደ ሪፐብሊካን የተሻገረው ስትሮም ተርሞንድ ብቻ ነው ቢሉ፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሹማምንቱ በቦታቸው ቢቀሩም የደቡብ ነጭ መራጮች ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሻገሩ። በ2005ም የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀ መንበር የነበረው ኬን ሜልማን፥ ከፓርቲው ሰዎች አንዳንዶቹ በቀለም መለያየት ለመጠቀም መሞከራቸው ስሕተት እንደ ነበረ በጥቁሮች ማኅበር ጉባኤ ፊት ተናግሯል።

ዴሞክራቶችም ቢሆኑ በ1964 መልካም ሥራ የአባቶቻቸውን በደል እንዳልነበረ ሊያደርጉት አይችሉም።

መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር፥ በአብርሃም አባትነት የሚመኩትን ሰዎች የጠየቃቸው ፍሬ እንጂ የትውልድ ሐረግ አይደለም። በሊንከን ስም የሚመካም ሰው እንዲሁ ይጠየቃል። ድምፁን ሊሰጥ የተሰለፈ ጥቁር ዜጋ በ1863 የከፈተለትን ሰው ስም ቢያውቅ መልካም ነው፤ እርሱ ግን የሚገባው ዛሬ በሩ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ነው።