የትልቅ አውሬ ጠመንጃ በጎንደር ቆላ

ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስና አንበሳ የሚታደንበት ጠመንጃ ከጦር ጠመንጃ የሚለየው በሥራው ነው። የጦር ጥይት ሰውን ከውጊያ ካስወጣ ይበቃዋል። የአውሬ ጥይት ግን ወፍራም ቆዳና አጥንት አልፎ አንጎል ወይም ልብ ካልደረሰ የቆሰለው አውሬ በተኳሹ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ የአፈሙዙ ስፋት፣ የጥይቱ ክብደትና ጥንካሬ፣ የባሩዱም መጠን አዳኙ ከማለዳ ጀምሮ የሚያስብባቸው ነገሮች ናቸው። በሰሜን ጎንደር ግን ይህ ምርጫ ለረጅም ዘመን የአዳኙ አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መሣሪያና የመንገዱ ርቀት ይወስኑለት ነበር።

ድብ ባሕር ከሊማሊሞ አቀበት ግርጌ፣ ከምጽዋ በአድዋ በኩል ወደ ጎንደር ይወጣ በነበረው የሲራራ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የስሜን ደጋ የዋልያና የጭላዳ አገር ስለሆነ ከባድ ጠመንጃ የሚያሻው አውሬ የለበትም። የዝሆኑ አገር ቆላው ነበር፦ ተከዜ ከስሜን ዞሮ ወደ ምዕራብ የሚወርድበት ወልቃይት፣ አርማጭሆ፣ መተማ፣ ቋራ። ነፍጥ፣ እርሳስና ባሩድ በሊማሊሞ ወደ ላይ ሲወጡ የዝሆን ጥርስ ደግሞ ከቆላው ወደ ገበያ ይወጣ ነበር።

በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ነፍጥ ብርቋ አልነበረም። ራስ ሚካኤል ስሑል የገነነው በምጽዋ በር በኩል ባስገባው ነፍጥ ብዛት ነው። ይህ መሣሪያ ግን በክር እሳት የሚለኮስ፣ ከአንድ ተኩስ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ጊዜ የሚፈጅ፣ ጢሱም ሽታውም ከሩቅ የሚታወቅ ነበር። በሰልፍ ለቆመ ጦር ይህ ይቻላል። ከፊት ለፊት ለሚመጣ ዝሆን ግን አንድ ጥይት ተኩሶ ባዶ እጅ መቅረት ማለት ነው።

ስለዚህ የቆላው ሰዎች ዝሆንን በሰይፍ ያድኑ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ገባ። በዚሁ ተራራ ጫፍ ምሳውን ሲያዘጋጅ አንድ ጢማም ጥንብ አንሣ መጥቶ ሥጋ ነጠቀው፤ ወፉ ሲመለስ በጠመንጃው አንድ ጥይት ጣለው። እንዲህ ያለ ተኳሽ ስለነበር የቆላውን አደን ያየው በባለሙያ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ ወደ ስናር ሲወርድ፣ ጨርቂን ብሎ በጠራው ቦታ ከወይዘሮ አስቴር ልጅ ከክንፉ ጋር ወደ ዝሆን አደን ወጣ። ሁለት ሰዎች ራቁታቸውን በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ ልብስ የሌላቸው ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ነው። የፊተኛው በዝሆኑ ፊት እየፎከረና እየተሳደበ ያስቆጣዋል። ዝሆኑ ሲያሳድደው ፈረሱን በድንገት ያዞረዋል፤ የኋለኛው ዘሎ ወርዶ ቋንጃውን በሰይፍ ይቆርጣል፤ ፈረሰኛውም ተመልሶ ያነሣዋል። የሰይፉ ስለት ከእጀታው በላይ በጥቂቱ በክር ይጠመጠም ነበር፤ በሁለት እጅ ለመያዝ እንዲመች። ቋንጃው የተቆረጠ ዝሆን ከቦታው መንቀሳቀስ ስለማይችል በጦር ይጨረሳል። ሥጋውም በረጅሙ ተዘልዝሎ ዛፍ ላይ ይሰቀልና ለክረምት ቋንጣ ይሆናል።

ይህን አደን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩት ተሳስተዋል። በእጅ ላለው መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረም፤ እርሳስና ባሩድም አይፈጅም። ክብሩም ትልቅ ነበር፤ ዝሆን የገደለ ሰው በጆሮው የወርቅ ሎቲ ያንጠለጥላል፣ በግብር ላይ ገዳይነቱን ቆሞ ይፎክራል።

ከባድ ጠመንጃ ይዘው ወደዚህ ቆላ ከመጡት አንዱ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 እና 1862 በአትባራ፣ በሰቲት (የተከዜ የታችኛው ክፍል ነው)፣ በአንገረብና በሌሎች ከጎንደር ደጋ በሚወርዱ ወንዞች ዳር አደነ። ከእሱ ጋር የነበሩት የሐምራን ዐረቦች ደግሞ ብሩስ ያየውን የሰይፍ አደን ገና አልተዉትም ነበር። ጣሂር ሸሪፍና ወንድሞቹ በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ሮደር እጁ የሰለለ ቢሆንም ዝሆኑን በፈረስ የሚያታልለው እሱ ነበር። ቤከር የያዛቸው ጠመንጃዎች ግን ያኔ በዓለም ከተሠሩት ታላላቆች መካከል ናቸው። የዚያ ዘመን መለኪያ በአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ክብ ጥይት እንደሚወጣ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥይቱ ይከብዳል። ቁጥር 10 የተባለው ጥንድ አፈሙዝ 45 ግራም ያህል የሚመዝን ጥይት ይተኩሳል። ከሁሉ የከፋው ‹‹ሕፃን›› ብሎ የቀለደበት ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር፤ ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም ከ220 ግራም በላይ የሚመዝን ፈንጂ ጥይት ይተፋል። ዐረቦቹ የመድፍ ልጅ ይሉት ነበር። የተመታው ዝሆን ከሞት አያመልጥም፤ ተኳሹም ግን በምቱ ይሽከረከራል። ቤከር ራሱ ይህን ጠመንጃ ለመተኮስ እንደሚፈራ ሳያፍር ጽፏል፤ በዚህ ላይ እውነተኛነቱ ያስመሰግነዋል።

የቤከር ትልቁ ትምህርት ግን ስለ ጠመንጃው ሳይሆን ስለ ዝሆኑ ራስ ነው። በሲሎን ዝሆንን ግንባሩን መትቶ መጣል ለምዶ ነበር። የአፍሪካ ዝሆን የራስ ቅል ግን ሌላ ቅርጽ አለው፤ ግንባሩን የተመታው ብዙ ጊዜ አይወድቅም። ስለዚህ በጆሮና በዓይን መካከል ወይም ትከሻውን መምታት ግድ ሆነ። ልስልስ እርሳስም አጥንት ሲነካ ስለሚደፈጠጥ ቤከር በሜርኩሪ እያጠነከረ ያፈስሰው ነበር። ጥሩ ጠመንጃ የሚለካው በሚያደርሰው ምት ብቻ ሳይሆን ጥይቱ ሳይበተን ስንት ስንዝር ይዘልቃል በሚለውም ነው።

ጢስ አልባ ባሩድ ከተገኘ በኋላ የቤከር ዓይነት ጠመንጃ አረጀ። እ.ኤ.አ. በ1898 የለንደኑ የጆን ሪግቢ ቤት ያወጣው 450 ናይትሮ ኤክስፕረስ 31 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 655 ሜትር ያህል ይወረውራል፤ ኃይሉ ወደ 6,700 ጁል ይደርሳል። አዳኙ የቤከርን ሸክም ሳይሸከም ከዚያ የበለጠ ጠልቆ የሚገባ ጥይት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1907 ግን እንግሊዞች ይህን የአፈሙዝ መጠን በህንድና በሱዳን ከለከሉ፤ ጥይቱ ለማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ለያዙ ዐመፀኞች እንዳይውል ፈርተው ነው። ጠመንጃ ሠሪዎቹም በምትኩ 470 የመሳሰሉ መጠኖችን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው 375 ደግሞ እስከዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው የተፈቀደ መጠን ነው።

በዚያው ዘመን የጎንደር አዳኝ ምን ይዞ ነበር? ውጅግራ፣ ረሚንግተን፣ ሰናድር፣ ቆይቶም ለበንና ምንሽር። ሁሉም ለጦርነት የተሠሩ ናቸው። ውጅግራ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ ጥይት ይተኩሳል፤ ኃይሉ ግን ወደ 2,500 ጁል ብቻ ነው። ለአንበሳና ለጎሽ ከቅርብ ያገለግላል፤ ለዝሆን አንዱ ጥይት ስለማይበቃ ብዙ ተኳሽ በአንድ ዝሆን ላይ ይተኩሳል። ለበን ጥይቱ 15 ግራም ቢሆንም ጠንካራ ሽፋን ስላለው ከውጅግራ በላይ ይዘልቃል። ይህ የአገሬው አዳኝ ብቻ ተሞክሮ አይደለም። ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ያደነው ዋልተር ቤል ከሺህ በላይ ዝሆኖችን የገደለው በአብዛኛው በ7 ሚሊ ሜትር ቀላል ጠመንጃ ነው፤ የራስ ቅሉን አሠራር አጥንቶ አንጎልን በመምታት። ግን የቤል ችሎታ የሁሉ አይደለም። ዝሆኑ በቁጥቋጦ ውስጥ ሲመጣ ለመካከለኛ ተኳሽ ከባዱ ይሻላል።

ቀላል ጠመንጃ በደጋው ደግሞ ጉዳት አደረሰ። የጀርመኑ ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያን እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ አስተዋወቀ። ሻለቃ ፐርሲ ፓወል ኮተን እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ ስሜን ወጥቶ ዋልያ አደነ፤ ጉዞውንም ከዝሆን እስከ ዋልያ በሚል ንዑስ አርእስት እ.ኤ.አ. በ1902 በመጽሐፍ አወጣ። በጣሊያን ጦርነት ዓመታት፣ በተለይም የወልቀፊቱ የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 እጁን እስኪሰጥ፣ በአካባቢው የተበተነው ጠመንጃ ለዋልያ ከበቂ በላይ ነበር። ዋልያ ገደል ስለሚወጣ የሚያስፈልገው ረጅም ርቀት የሚደርስ ቀጭን ጥይት ነው፤ ያም በየቤቱ ተገኘ።

የኢትዮጵያ የአደን አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1944 ወጣ፤ የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ የአላጥሽ ፓርክ በቋራ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከለለ። የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ተከለከለ። በተከዜ ዳር በቃፍታ ሽራሮ ዝሆኖች አሁንም ይገኛሉ፤ አውራሪሱ ግን ከጎንደር ቆላ ጠፍቷል።