ከብት ጠፋብህ?

ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለክቶ 150 በ95 ካለኝ ማግስት ጀምሮ ሰፈሬን ኒውላንድን በእግሬ እዞራለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ፤ ጋምቤላ ላይ ፀሐይ ከወጣች ወዲያ መራመድ አይቻልም፣ መጋቢት ላይማ ጭራሽ። አንዲት የኑዌር እናት አሉ፣ ጎረቤቴ ናቸው። በራፋቸው ላይ ቆመው ሦስት ቀን ሲያዩኝ ሰነበቱና በአራተኛው "ማሌ" ብለው ሰላምታ ሰጥተው አስቆሙኝ። "ጋትዳ፣ ከብት ጠፋብህ?" ጋትዳ ልጄ ማለት ነው። ሰው በዚህ ሰዓት ባዶ እጁን ወዲያ ወዲህ የሚለው የጠፋበት ነገር ቢኖር ነው ብለው አዝነውልኝ ነው የጠየቁኝ።

ያን ዕለት የምመልሰው አጣሁ። ቆየት ብዬ ግን ከሥራ መልስ እርሳቸው ዘንድ ማምሸት ጀመርኩ፤ ስለ ልጅነታቸው እጠይቃለሁ፣ እርሳቸው ይነግሩኛል፣ የልጅ ልጃቸው ታስተረጉምልናለች።

በልጅነታቸው ዓመቱ ሁለት ነበር፤ ቶት እና ማይ። ቶት ዝናቡ ነው። ሜዳው በውሃ ሲሸፈን ሰው ከፍ ባለው መሬት ላይ ባለው መንደሩ ይከተታል፣ ማሽላና በቆሎ ይዘራል፣ ያርማል። ማይ በጋው ነው። ሣሩ ሲደርቅ ወጣቱ ከብቱን ነድቶ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ ቤተሰቡም ይከተላል፤ እዚያ ውሃው ሲጎድል አሳ በጦር ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሱዳን በኩል ኑዌሮች ዘንድ የከረመው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ የጻፈውም ይህንኑ ነው፤ ጊዜያቸውን የሚቆጥሩት በከብቱ ሥራ ነው፣ በመፍታቱ፣ በማለቡ፣ በመመለሱ። ምግቡም ከወቅቱ ጋር ይዞር ነበር። ወተት፣ እህል፣ በበጋ አሳ። ሥጋ የሚበላው ለመሥዋዕት ሲታረድ ወይም ከብት ሲሞት እንጂ አምሮት ስለመጣ ከብት አይታረድም።

ወልወል የሚባለውን ምግባቸውን ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የማሽላውን ዱቄት በሰፊ ቅል ያደርጉና በጣታቸው ጫፍ ውሃ ይረጩበታል፤ ከዚያ ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሽከረክሩታል። ዱቄቱ መጀመሪያ ይጨቀያል፣ ቀጥሎ ይሰባበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ጥራጥሬ መስሎ ይንከባለላል። ትልልቁን በጣታቸው ለቅመው ያፈርሱትና መልሰው ያዞሩታል። የእጃቸው አንጓ ለአንድ ደቂቃ አያርፍም። ሲበስል ወተት ይፈስበታል። ቀመስኩት። ጨው የለውም፣ ስኳርም የለውም።

ያን ዘመን ማሞጋገስ አልፈልግም። አዝመራው ሳይደርስ የሚመጡት ወራት የረሃብ ነበሩ፤ እርሳቸውም ስለዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው ይወርዳል። በዚሁ በክልላችን፣ ጎግና አቦቦ ውስጥ፣ የኩሬ ውሃ ያመጣው የጊኒ ዎርም ስንቱን ሰው እግሩን ይዞ እንዳስቀመጠው የምናውቅ እናውቃለን። የምለው ሌላ ነው። ያኔ ሥራና ምግብን የሚያመዛዝነው ዓመቱ ራሱ ነበር። እኔ ዛሬ ያንን በአንድ ቀን ውስጥ፣ ከቢሮ በፊትና ከቢሮ በኋላ፣ ብቻዬን ላደርገው እታገላለሁ።

ሐኪሙ ቀንስ ያለኝ ጨው ወደዚህ አገር እንዴት እንደገባም አሰብኩ። ግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሳው የእንፋሎት መርከብ ይደርሳል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናል። ቡናው ከጎሬ በኩል፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ ደጋ ወደ 500 ሜትር ገደማ ቆላ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ነበር የሚወርደው። ያ ተሸካሚ ለጤናው እንዲራመድ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም፤ ያጣው ዕረፍትና የጠገበ ሆድ ነው። ጣሊያን ከያዘበት ጊዜ በቀር ጣቢያው እስከ እ.ኤ.አ. 1956 በሱዳን በኩል ሲተዳደር ቆይቶ ነው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው።

የእኔ ቤተሰብ የመጣው በመርከብ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ አባቴና እናቴ ከወሎ በሰፈራ ወደ አቦቦ መጡ፤ እኔ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ጤፍ አጥታ በማሽላ መጋገር ለመደች። ሙቀቱንና ወባውን ግን እስከ ዛሬ አልለመደችም። አባቴ ረቡዕና ዓርብን ይጾም ነበር፤ በአንድ እጁ ዶማ ይዞ በሌላው እሸት በቆሎ እየበላ ከማሳ ሲመለስ ትዝ ይለኛል። ቀጭን ነበር፣ ቀጥ ያለ።

ዛሬ እኔ የምበላው ከሱቅ ነው። ጠዋት ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ማታ ዘይት የጠጣ ወጥ። ከቤቴ እስከ ቢሮ በባጃጅ ነው። ሱቁ ቶትም ማይም አያውቅም፤ መስከረም የሸጠውን ሚያዝያ ይሸጣል፣ እኛም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እንበላለን። ወንዙ ግን አሁንም እዚሁ ነው፣ አሳውም። ማንጎውም በወቅቱ ከዛፉ ሥር ይረግፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ በቀን ደግሞ ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ችግሩ ቁጥሩ ላይ አይደለም። ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ወራት ከቤት በማለዳ መውጣት የሚታሰብ አልነበረም፤ ያኔ ግፊቱም የከተማውን ሁኔታ ይከተል ነበር። ደህና በሆነበት ጊዜም ቢሆን፣ እኔ ማለዳ ስወጣ ልጆቹን ቀስቅሳ የምታለብሰው ባለቤቴ ናት። የእኔ 30 ደቂቃ ከእርሷ የተወሰደ ነው። ይህን ያየሁት እኚያ እናት ከጠየቁኝ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ከፊተኛው ይከብዳልና። "ሚስትህስ መቼ ትሄዳለች?"

ነገሩን ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርንበት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እርሷ ትወጣለች፣ ልጆቹን እኔ አሰናዳለሁ። በመጀመሪያው ሰኞ የትንሿን ልጅ ጫማ ግራና ቀኝ አቀያይሬ ላክኋት።

እሑድ እሑድ ደግሞ አሳ ልንገዛ ወደ ባሮ አብረን እንወርዳለን። ባለፈው እሑድ የእኚያ እናት የልጅ ልጅ 20 ሊትር ጀሪካን በጭንቅላቷ ተሸክማ ስትመለስ አገኘናት። አንገቷ ቀጥ ብሏል፣ በእጇ እንኳ አልያዘችውም። ባለቤቴ አሳውን ያዘች፣ እኔ ጀሪካኑን ተቀብዬ በትከሻዬ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ አውርጄ አረፍኩ። ከበራፉ ስንደርስ አሮጊቷ ቆመው እየጠበቁ ነበር፤ ጀሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩና "ማሌ" አሉኝ።