ርካሽ ኢንሹራንስ፣ የማይተካ መኪና፦ ከሪራ ቁልቁለት የተነሳ የመድን ታሪክ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ሜዳው ድንገት ያልቅና መኪናው ጉም ውስጥ ገብቶ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ሪራ ከዚያ ቁልቁለት ግርጌ ናት።

አጎቴ በዚህ መንገድ ከ20 ዓመት በላይ የነዱት አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ፣ ሲሪስ 3 የሚባለው ዓይነት ነው። ቱሪስቶች ጎባ ላይ ቆሞ ሲያዩት ፎቶ ያነሱታል። በአውሮፓ ቢሆን ሰብሳቢዎች “ክላሲክ” ብለው ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ሸፍነው የሚያኖሩት መኪና ነው። አጎቴ ግን ሰውና ማር ይጭኑበታል።

ባለፈው ዓመት ክረምት ወደ ሪራ ሲወርዱ ጉም ውስጥ አንድ አይሱዙ ገጠማቸው። እሱን ለማዳን ሲሉ ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። መኪናው ግን የፊት አክስሉም ሻንሲውም ተጎዳ። ጋራዥ 200,000 ብር ጠየቀ። አጎቴ አልደነገጡም፤ “ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ” አሉ።

ኢንሹራንሱ የከፈላቸው 70,000 ብር ነው። ከእሱም ላይ ኤክሰሱ ተቀነሰ።

ሲነግሩኝ ተናድጄ ነበር። “ዘረፏችሁ ማለት ነው” አልኳቸው። ወረቀቶቹን ተቀብዬ ማንበብ ስጀምር ግን ነገሩ ዘረፋ እንዳልሆነ ገባኝ። ኩባንያው የጣሰው ሕግ የለም። ታሪኩ ከአጎቴም ከኩባንያውም በፊት የጀመረ ነው። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

*መኪናው ቀድሞ ገባ፣ መድኑ ዘግይቶ*

የመጀመሪያው መኪና ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከጅቡቲ በኩል በረሃውን አቋርጦ አመጣ። መድን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አገር ውስጥ ገብቶ ነበር። የገባው ግን ለመኪና አልነበረም፤ የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። ደንበኞቹ መጋዘንና የመርከብ ጭነት ያላቸው ነጋዴዎች ነበሩ።

በዓለምም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የለንደኑ ሎይድስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለመኪና ውል መጻፍ ሲጀምር፣ መኪናን በየብስ እንደሚሄድ መርከብ ቆጥሮ በባሕር ውል ቅጽ ላይ እንደጻፈው ይነገራል።

የመጀመሪያው አገር በቀል ድርጅት፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ቀጥሎ የመጣው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ፣ እሳቸው ሲሞቱ የጨረሱት ደግሞ አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። የአጎቴ ብር የተቆረጠው እዚህ ሕግ ውስጥ ነው።

*አንቀጽ 678*

የንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል ነው ይላል። ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ መብለጥ አይችልም። ምክንያቱ ጤናማ ነው፤ መኪናውን ራሱ አቃጥሎ ትርፍ የሚያገኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ሕጉ ሲወጣ መኪና በየዓመቱ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ስለነበር ባለንብረቱም ብዙ አይጎዳም ነበር።

ሁለተኛ መርህ አለ። ንብረቱ ከተጻፈው ዋጋ በላይ የሚያወጣ ሆኖ ከተገኘ፣ ለልዩነቱ ባለቤቱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል። የአጎቴን ስሌት እንየው። አረቦኑ እንዳይከብዳቸው ብለው መኪናውን ያስመዘገቡት በ350,000 ብር ነበር። ከአደጋው በኋላ ገማቹ “ዋጋው 1,000,000 ነው” አለ። እንግዲህ መድን የገቡት ለመኪናው 35 በመቶ ብቻ ነበር ማለት ነው። የ200,000 ብር ጉዳት 35 በመቶ 70,000 ነው። ብዙ ሰው ይህ ስሌት የሚሠራው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፤ ለፍሬቻም ለአክስልም ይሠራል።

*አንድ ሻጭ ብቻ የነበረበት ዘመን*

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ያ ሁሉ ሮልስ ሮይስ እያላቸው ከቤተ መንግሥት በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም. ሁሉም በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ። እስከ አዋጅ ቁጥር 86/1986 ድረስ መድን የሚሸጠው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር።

ይህ ለምን ይመለከተናል? ልዩ ውል የሚወለደው ኩባንያዎች ለደንበኛ ሲሻሙ ስለሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃገርቲ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሚሺጋን ውስጥ ሲጀመር የእንጨት ጀልባ ነበር የሚያስመድነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ለአሮጌ ጀልባ ደህና ውል አይሰጡም ነበርና። በኋላ ወደ ሰብሳቢ መኪኖች ዞረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለቤቱና ኩባንያው በዋጋው አስቀድመው ይስማማሉ፤ መኪናው ከወደመ የሚከፈለው የተስማሙበት ዋጋ ነው። በምላሹ ባለቤቱ መኪናውን ጋራዥ ያሳድራል፣ ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና ይኖረዋል፣ በዓመት ጥቂት ብቻ ይነዳል። የሚነዳው ጥቂት ስለሆነ አረቦኑ ይቀንሳል። እዚያ የፌራሪ ባለቤት ርካሽ ኢንሹራንስ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የመኪናውን ዋጋ ደብቆ ሳይሆን አደጋውን ቀንሶ።

እኛ አገር ገበያው እንደገና ሲከፈት ኩባንያዎቹ በዙ፤ ዛሬ ከ15 በላይ ናቸው። ውላቸው ግን ተመሳሳይ ነው፤ የሚፎካከሩት በአረቦን ቅናሽ ነው። ዕድሜው የገፋ መኪና ሲመጣ ብዙዎቹ ሙሉ ኢንሹራንስ ለመስጠት ያቅማማሉ። ባለቤቱ የሚቀረው የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። እሱ በአዋጅ 559/2000 ግዴታ ሆኗል፣ በአዋጅ 799/2005 ተተክቷል። የሚጠብቀው ግን የተጎዳውን ሌላ ሰውና ንብረት እንጂ የእናንተን መኪና አይደለም።

*መኪና ዋጋው የማይወርድበት አገር*

ሕጉ የተጻፈው መኪና ይረክሳል በሚል ዓለም ውስጥ ነው አልኩ። የእኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የመለዋወጫ ዋጋም አብሮት ወጣ። ቮልሱም፣ ፔጆ 404ቱም፣ ላንድሮቨሩም የማይተካ ዕቃ ሆነ። ባለፈው ዓመት በቅን ልቦና የተጻፈ ዋጋ እንኳ ባለቤቱ ሳያውቅ ግማሽ ሆኖ አደረ። አጎቴ ዋጋውን ራሳቸው ዝቅ ማድረጋቸው እውነት ነው። ትክክለኛውን ያስጻፈው ጎረቤታቸውም ግን ቢገለበጥ ከዚህ ስሌት አያመልጥም ነበር።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

ከኩባንያዎቹ የምጠብቀው አንድ ነገር አለ። ለአሮጌና ለማይተካ መኪና፣ በገለልተኛ ገማች የተረጋገጠ ዋጋ፣ የተወሰነ ኪሎ ሜትርና የጋራዥ ግዴታ ያለበት ውል ይዘው ይምጡ። የማጭበርበር ስጋቱን ገማቹ ይመልሰዋል። አንቀጽ 678 እንቅፋት ከሆነ ደግሞ እሱ የሚገኝበት የንግድ ሕጉ የመድን ክፍል ገና ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ አልተተካም፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አልነካውም። ሲሻሻል ይህ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለበት።

እስከዚያ ድረስ መኪና ያላችሁ ሰዎች፦

• አረቦን ለመቀነስ ዋጋ አታሳንሱ። መቀነስ ከፈለጋችሁ የሦስተኛ ወገን ከእሳትና ስርቆት ጋር ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ፤ ወይም ከፍ ያለ ኤክሰስ ለመሸከም ተስማሙ።
• ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ዋጋ ሲጨምር በመሃልም ውሉ ላይ ማስተካከያ ማስጻፍ ይቻላል።
• የመኪናውን ፎቶ፣ የጥገና ደረሰኝና የገማች ወረቀት አንድ ላይ አስቀምጡ።
• “ጉዳት ሲደርስ በምን ስሌት ነው የምትከፍሉኝ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አጎቴ የቀረውን ከ130,000 ብር በላይ ከዕቁብ አወጡ። ላንድሮቨሩ ተጠግኖ እንደገና ወደ ሪራ ይወርዳል። ውሉን ሲያድሱ ሙሉውን ዋጋ አስጻፉ፤ አረቦኑ ከበዳቸው። “ለዚህ ሁሉ ብር በዓመት ስንት ቀን ነው የምነዳው?” አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ እሱን የሚመልስ ውል ግን የሚሸጥላቸው አላገኙም።

የእናንተስ ውል ላይ የተጻፈው ዋጋ ስንት ነው? ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት።