አባ ጎርጎርዮስና ጥያቄ የማይሰለቸው ጀርመናዊ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ የወሎ ሰው ላውጋችሁ። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። አገራቸው መካነ ሥላሴ ነው፣ በድሮው ቤተ አማራ።

እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጣ። ግእዝን የተማረው ከመጽሐፍ ነው። እዚያ በነበሩት ኢትዮጵያውያን ፊት ማንበብ ሲጀምር በአነባበቡ ሳቁበት፤ ትርጉሙን ሲናገር ግን ተገረሙ። እኔ የወደድኩት ሳቁን ነው። «ጎበዝ፣ በርታ» ብለው ቢሸኙት ምን ያገኝ ነበር?

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት አባን ጀርመን ድረስ አስጠራቸው። ሉዶልፍም ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቤተክርስቲያኑ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ እንስሳው እየነጠለ ጠየቃቸው፣ መልሱንም ጻፈ። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የታተመው ብዙው ተረት ነበር። እሱ ያንን ከአገሩ ሰው ጋር አጣራ። አማርኛውንም ያገኘው ከሳቸው ነው።

አባ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው እስክንድሮን አካባቢ ሰጥሞ ሞቱ። በ1661 የሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላት ለንደን ታተመ። ኅትመቱን የተከታተለው ተማሪው ቫንስሌብ ግን ከራሱ ጨማምሮበት ኖሯል! ሉዶልፍ ተናደደ። አርሞ እንደገና ያሳተመው በ1699 ነው፣ ከ38 ዓመት በኋላ። ያኔ የሚጠየቁት አባ የሉም።

ይህን ያነሳሁት ለተማሪዎቼ ስለ አካባቢያችን ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ስለሆነ ነው። ጽሑፉን ሙሉውን ይዤ አባቶች ጋ ስሄድ የማገኘው «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ጽፈሃል ልጄ» ነው። ምርቃቱ ደስ ይላል፤ ግን አንዲት ፊደል አያርምም። አሁን ግን አንድ ገጽ ብቻ አነብላቸውና «ይቺ ቦታ ስሟ እንዲህ ነው የሚጠራው? ከዚያ በፊትስ ማን ይሏት ነበር?» እላለሁ። ያኔ «ኧረ ተው፣ እንደሱ አይደለም» ይመጣል። እሱን ነው የምፈልገው። እነሱ ደግሞ እያረጁብን ነው።

ለምሳሌ በአማርኛ «ጂሌ ጥሙጋ» እንላለን፤ በኦሮምኛ ግን «ዹሙጋ» ነው፣ ያ «ዸ» ጠፍቷል። የጂሌ ልጆች፣ ስሙ ከምን እንደመጣ አያት ቅድመ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ። «ጥሩ ፖስት ነው» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ አደራ።