ብሥራተ ወንጌል፦ ማሠራጫውና ድምፁ

የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንድ አዲስ የራዲዮ ጣቢያ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ። ስሙ ብሥራተ ወንጌል ሲሆን፣ ባለቤቱ መቀመጫውን በጄኔቫ ያደረገው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነበር። የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ኖርዌጂያዊው ሲጉርድ አስከ ነበሩ።

የጣቢያው ጉልበት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በገጃ ሜዳ ላይ ተተከለ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩ። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ተልኮ ከከባቢ አየር ላይኛው ክፍል ተንጸባርቆ ወደ ምድር ስለሚመለስ ተራራና ባሕር አያግዱትም። በዚህም ምክንያት ከገጃ የተነሣው ድምፅ አፍሪካንና መካከለኛውን ምሥራቅ አልፎ እስከ እስያ ይደርስ ነበር። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ፣ ከጉለሌ እስከ ጎፋ፣ አነስተኛ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ ተመድቦለት ነበር።

ይሁን እንጂ ጣቢያውን የተደማጭነት ባለቤት ያደረገው የማሠራጫው ኃይል ብቻ አልነበረም። ሃይማኖታዊው ክፍል ከጠቅላላው ዝግጅት ከሲሶ አይበልጥም፤ የቀረው ለዜና፣ ለጤና፣ ለእርሻና ለትምህርት የተሰጠ ነበር። ከዚህም በላይ አብዛኛው ዝግጅት የሚሰናዳው አድማጩ በሚኖርበት አገር ነበር። የፉላኒኛው በካሜሩን በንጋውንዴሬ ከተማ፣ የስዋሂሊው በታንዛኒያ በሞሺ ከተማ እየተቀዳ ቴፑ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከብት አርቢው ወይም ቡና ተካዩ በራዲዮ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ፣ የራሱን ሰው አነጋገር ነበር።

የ1966ቱ አብዮት ከፈነዳ በኋላ የጣቢያው ዕድል ተለወጠ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ወረሰው፤ ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ያው ምሰሶ፣ ያው ማሠራጫ፣ ያው ሞገድ በአንድ ቀን ሌላ ቃል ተሸክሞ ተነሣ። መሣሪያ የያዘውን እንጂ የሠራውን አያውቅምና በገጃ ሜዳ ላይ ለለውጡ ምልክት የሚሆን ነገር አልታየም።

ልዩነቱ የታየው በሩቅ ነው። በንጋውንዴሬና በሞሺ የነበሩት ስቱዲዮዎች ማሠራጫቸውን በአንድ ቀን ቢያጡም አልተዘጉም። ሌላ ማሠራጫ እየፈለጉ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ቆየት ብሎም በየከተማቸው የራሳቸውን ራዲዮ አቆሙ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ግዙፉ ጣቢያ በአሥራ አራት ዓመቱ ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ፣ በትንንሽ ከተሞች የነበሩት ጥቂት ክፍሎች፣ ማይክሮፎኖችና በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች ግን ጸኑ።

ከብሥራተ ወንጌል ታሪክ የሚቀረው ትምህርት ይኸው ነው። ምሰሶን የተከለው ሊነቀልበት፣ ሌላውም ሊወርሰው ይችላል። በሕዝቡ ቋንቋ የሚናገርና ሙያውን የተማረ ሰው ግን በአዋጅ አይወረስም።