ለብቻው ለሚጫወት ሙዚቀኛ የመድረክ መሣሪያ አመራረጥ

እየዘፈኑ ክራር ወይም መሰንቆ መጫወት በኢትዮጵያ ሙዚቃ የቆየ ልማድ ነው። አዝማሪዎች በመሰንቋቸው፣ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁም በክራራቸው የሚታወቁት በዚሁ ነው። የዛሬው ተጫዋች ግን በሰፊ አዳራሽና በሠርግ ድንኳን ሲጠራ ድምፁን የሚያጎላ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ደግሞ የትኛውን አስቀድሞ እንደሚገዛ መወሰን ይኖርበታል።

ቅድሚያ ለድምፁ ምንጭ

የጀማሪ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በትልቅ ስፒከር ላይ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የስፒከር ኃይል ከ500 ወደ 1000 ዋት ቢያድግ፣ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ ከአፍ 20 ሳንቲ ሜትር የራቀ ማይክሮፎን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀርብ የሚቀበለው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ይህም ምንም ወጪ አይጠይቅም። ከምንጩ ደካማ ሆኖ የገባን ድምፅ ትልቅ ስፒከር አያጠራውም፤ ጉድለቱን ያጎላዋል እንጂ።

ማይክሮፎን

ለመድረክ ዘፈን ከፊት ለፊት የሚመጣውን ድምፅ አጉልቶ የሚቀበል ዳይናሚክ ማይክሮፎን ተመራጭ ነው። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ የሚገኘው ሹር ኤስኤም58 የዚህ ዓይነት ነው። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ረቂቅ ድምፅን ቢይዝም የአካባቢውን ጫጫታም ይሰበስባል፤ በአብዛኛውም ከሚክሰሩ 48 ቮልት ይፈልጋል።

ክራርና መሰንቆ

የሁለቱም መሣሪያዎች ቆዳ በቀላሉ ይርገበገባል። ስለዚህ ከስፒከር የሚመለሰው ድምፅ ቆዳውን ዳግም ሲመታው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ሊፈጠር ይችላል። ከመሣሪያው ጋር የሚለጠፍ ፒክአፕ ይህን ስጋት ይቀንሳል። ፒክአፑ ቀላል ሊሆን ይገባል፤ ከባድ ከሆነ የቆዳውን ንዝረት አፍኖ የመሣሪያውን ቃና ይለውጣል። ማጣበቂያውም ቆዳውን የማይጎዳ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። የፒዬዞ ፒክአፕ በቀጥታ ከተራ ሚክሰር ጋር ሲገናኝ ድምፁ ይሳሳል፤ በመካከል ለዚሁ የተሠራ ፕሪአምፕ ወይም ዲአይ ቦክስ ያስፈልጋል።

ሚክሰር፣ ኬብልና ስፒከር

አንዱ ለድምፅ፣ ሌላው ለመሣሪያ የሚሆን ሁለት መግቢያና የባስ መቀነሻ ያለው ትንሽ ሚክሰር ለአንድ ተጫዋች ይበቃል። ከመሣሪያው የሚነሳው ኬብል ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ረጅሙ ርቀት በባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ኬብል ይሸፈናል። ወደ ታዳሚው የሚዞሩት ስፒከሮች ከማይክሮፎኑ ፊት ለፊት ወደ መድረኩ ጠርዝ፣ ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ደግሞ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ሲቀመጡ ጩኸቱ ይቀንሳል። ማጉያው በውስጡ ያለ ስፒከር ለብቻው ለሚጓዝ ሙዚቀኛ ሸክም ያቃልላል።

የኤሌክትሪክ ኃይል

መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ባትሪ ያለው ስፒከር ዝግጅቱን ከመበተን ያድናል። ከጄኔሬተር ጋር መገናኘት ግድ ከሆነ የቮልቴጅ ማረጋጊያ መሣሪያውን ከጉዳት ይጠብቃል። ተለዋጭ ኬብልና የፕሪአምፕ ባትሪም ከጓዝ መጓደል የለባቸውም።

በጥቅሉ የግዢው ቅደም ተከተል ከማይክሮፎንና ከፒክአፕ ተነስቶ በሚክሰር በኩል ወደ ስፒከር ቢሄድ ይመረጣል። ስፒከር ከአዘጋጁ ወይም ከአከራይ ሊገኝ ይችላል፤ የተጫዋቹን ድምፅና የክራሩን ቃና የሚያውቀው ማይክሮፎንና ፒክአፕ ግን የራሱ ሊሆን ይገባል።