ለሰርቨርለስ ፕሮግራሞች የተዘረጋ ክላውድ አፈራረስ፤ ከ2006 ወዲህ ያለ አጭር ታሪክ

አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በማርች 2006 የመረጃ ማከማቻውን ኤስ-3ን፣ በኦገስትም ኮምፒውተር በሰዓት የሚያከራይበትን ኢሲ-2ን ባቀረበ ጊዜ፣ ማሽን ሳይገዙ በሩቅ ባለ ማሽን መሥራት ተቻለ። ይህም አሠራር ክላውድ ተባለ። የአንዱ ማሽን ኪራይ በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበረ። ተከራዩ ሥራውን ሲፈጽም የተከራየውን አንድ በአንድ ማጥፋት ነበረበት፤ ቢዘነጋ ግን የወሩ ሂሳብ ያስታውሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ክላውድፎርሜሽን መጣ። ባለሙያው የሚያሻውን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ይዘረዝራል፤ በጽሑፉ መሠረት የተሠራው ስብስብ ስታክ ይባላል። ስታኩ ይሰረዝ በተባለ ጊዜ ሥርዓቱ የትኛው በየትኛው ላይ እንደ ቆመ ተረድቶ፣ በስተኋላ የተሠራውን አስቀድሞ ያነሣል። በ2014 የወጣው ቴራፎርም ይህንኑ አሳብ ለሌሎች ኩባንያዎችም ክላውድ አዳረሰው። ማፍረስን ያቀለለው እንግዲህ መዝገቡ ነው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር አማዞን ላምዳን አስተዋወቀ። ሰርቨርለስ መባሉ ሰርቨር ስለሌለ ሳይሆን ተጠቃሚው ስለማያስተዳድረው ነው። ፕሮግራሙ የሚነሣው ጥሪ ሲደርሰው ብቻ ሲሆን፣ ክፍያውም በጥሪው ብዛትና በሠራበት ጊዜ ልክ ይታሰባል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ምንም ስለማያስከፍል፣ ያ የቀድሞው አስታዋሽ ጠፋ። የተረሳ ፕሮግራም ከነተሰጠው ሥልጣን ለዓመታት ሊተኛ ይችላል። ላምዳ በራሱ የሚከፍተው የሥራ ማስታወሻም በዝርዝሩ ካልተጻፈ፣ ስታኩ ከፈረሰ በኋላ ይቀራል፤ የጊዜ ገደብ ካልተደረገለትም እንደ ተቀመጠ ይኖራል። የማስተማሪያ ጽሑፎች ግን ማጽዳትን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው አንቀጽ በጥቂት መሥመር ያልፉታል፤ ይህም ለተማሪ መልካም ልማድ አይደለም።

ፋይል ያለበት የኤስ-3 ማከማቻ ደግሞ ባዶ ካልሆነ አይሰረዝም፤ ስታኩም ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆሞ ይቀራል። ጀማሪ በዚህ ይበሳጫል። ይሁን እንጂ ማፍረስ እጅግ ሲቀልል ምን እንደሚያስከትል በጁን 2014 ታይቷል። የፕሮግራም ጽሑፎችን ለደንበኞች ያስቀምጥ የነበረው ኮድ ስፔስስ የተባለ ኩባንያ የክላውዱ መቆጣጠሪያ በሰርጎ ገብ እጅ ወደቀ። ሰርጎ ገቡ ገንዘብ ጠየቀ፤ ኩባንያው ሥልጣኑን ለማስመለስ ሲሞክርም ማከማቻዎቹንና የዲስክ ቅጂዎቹን ሰረዘ። መጠባበቂያውም አብዛኛው በዚያው መቆጣጠሪያ ሥር ስለ ነበረ፣ ኩባንያው ሥራውን ዘጋ።

ክላውድፎርሜሽን በ2017 የማፍረስ መከላከያ ጨመረ፤ መከላከያው በግልጽ ካልተነሣ ስታኩ አይሰረዝም። ስታኩ ቢፈርስ እንኳ አንድ ዕቃ እንዲቆይ የሚያደርግ ማዘዣም አለ። በዚህ ማዘዣ የተጠበቀ ዳታቤዝ ፕሮግራሞቹ ከተነሡ በኋላ ብቻውን ይቆማል፤ ባለቤቱም በስሙ ጠርቶ እስኪያጠፋው ድረስ ኪራዩን ይከፍላል።